ከድግሱ በፊት ዕዳው



ስለ ሐዘንና ስለ ገንዘብ በአንድ መድረክ ማውራት ለጆሮ ይከብዳል። ሬሳ ሳይወጣ ሒሳብ የሚያነሳ ሰው በአገራችን ክፉ ስም ይወጣለታል፤ ይገባዋልም። እኔ የመጣሁት ከቀብሩ በኋላ ስላሉት ወራት ልናገር ነው። በነዚያ ወራት ስንት ቤተሰብ ቤት ሊገዛበት ያጠራቀመውን ጥሪት ሳያውቀው እንደሚጨርስ፣ ስንት ወንድማማች በአያት ቤት ምክንያት እንደሚኳረፍ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

የአያት ሞትና ቤት መግዛት የሚገናኙት ዕድሜው ስለሚገጥም ነው። ሰው ሠላሳ ዓመት ግድም ሲሞላው ከኪራይ ቤት ለመውጣት ይፍጨረጨራል። ልጅ ወልዷል፣ አከራዩ ኪራይ ጨምሮበታል፣ እቁቡን ጥሎ ጥሎ ትንሽ ገንዘብ ይዟል። አያቶቹ ሰማንያውን አልፈው የሚሰናበቱት በዚያው ሰሞን ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አያት ሩቅ ዘመድ አይደለችም። እናት ጅዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ልጁን አጥባ፣ አብልታ፣ ደብተር ገዝታ ትምህርት ቤት የላከችው እሷ ናት። ስለዚህ ሐዘኑ የእናት ሐዘን ነው፤ ሐዘንተኛውም ለእሷ የማይሰጠው ነገር የለም። ገንዘቡ አደጋ ላይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከፍቅር የተነሳ ነው።

የእኔ ቃል አጭር ነው። የሟች ዕዳ ይቅደም፤ ከዚያ ውርሱ ተጣርቶ ይለይ፤ ድግሱ ከዚያ በኋላ በተረፈው ይሁን። የቤቱ ገንዘብ ደግሞ የለቅሶ ገንዘብ ሆኖ አይነካ።

ቀብሩ ራሱ ማንንም አያደኸይም። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ወሎ ለዚህ ሊኮራ ይገባዋል። አንድ ቅሬ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። ጥሪ ሲሰማ ሞፈሩን ሰቅሎ ይመጣል፤ መቃብር ይቆፍራል፣ ውሃና እንጨት ያመጣል፣ እዝን ይዞ ይገባል። ሐዘንተኛው በዚያ ሰሞን ምድጃ ሳይለኩስ ይበላል። ከቅሬ መባረር በገጠር ትልቅ ቅጣት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያለ ቅሬ የሚቀበር ሰው የለምና። ወጪው የሚከብደው ቅሬው ድንኳኑን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ ነው። በክርስቲያኑ ቤት ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት ይከታተላሉ። በሙስሊሙም ቤት እንደየቤቱ ልማድ ሶደቃው ይደጋገማል። እኔ መታሰቢያን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ጸሎቱም፣ ዱዓውም፣ ለድሃ የሚዘረጋው እጅም ለሟችም ለቋሚም ይጠቅማል። የምነቅፈው ሰንጋ በዱቤ መጣልን ነው። ቄሱን ብትጠይቁ ጸሎተ ፍትሐቱና ምጽዋቱ እንጂ የበሬው ውፍረት ከሥርዓቱ ውስጥ እንደሌለ ይነግሯችኋል። ሼሁን ብትጠይቁ ከወራሽ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ድርሻ ተወስዶ ድግስ እንደማይደገስ ይነግሯችኋል።

ዕዳ ይቅደም በሚለው ነገር ላይ ሕጉና ሁለቱ ሃይማኖቶች አይጋጩም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1014 ከውርስ የሚከፈለውን በተራ አስቀምጦታል፤ በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ ቀለብ፣ መጨረሻ ላይ ሟች በኑዛዜ ለይቶ የሰጠው ስጦታ። ወራሾች የሚካፈሉት ከዚህ የተረፈውን ነው። በሸሪዓውም መገነዣና ቀብር ይቀድማል፣ ዕዳ ይከተላል፣ ከዚያ እስከ ሲሶ የሚደርስ ወሲያ፣ ማለትም ኑዛዜ፣ ከዚያ ሚራስ፣ ማለትም የወራሾች ድርሻ። የጀናዛ ሰላት ከመሰገዱ በፊት «ሟች ላይ ዕዳ ያለው ካለ ለቤተሰቡ ይንገር» የሚባለው ለዚህ ነው። በክርስቲያኑም ወገን አባቶች በንስሐ ጊዜ «የሰው ገንዘብ በእጅህ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም ያወቀውን ነገር ታዲያ በየቤታችን ለምን እንገለብጠዋለን? አያት ከባለሱቅ በዱቤ የወሰደችው ስኳርና ዘይት ሳይከፈል በአርባዋ ቀን ሁለት በሬ ይወድቃል። ባለሱቁ ከድግሱ መጥቶ ይበላል፤ ዕዳውን ግን ለማንሳት አፍሮ ዝም ይላል። በዓመቱ ያነሳል፤ ያን ጊዜ የሚከፍል አይገኝም።

አሁን ወደ አያት ሳጥን ልውሰዳችሁ። የእንጨት ሳጥን ነው፤ ቁልፉ ሁልጊዜ በአንገቷ ማተብ ወይም በመቀነቷ ጫፍ ነበር። መገነዣዋን እሷው ቀድማ ገዝታ ስላስቀመጠችው በሞተችበት ቀን ተከፍቶ ወጥቷል። የቀረው ምንድን ነው? ለበዓል የምትለብሰው ቀሚስ፣ የዕጣን ቋጠሮ፣ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ የተጣጠፈ ብር፣ የገጠሩ መሬት አረንጓዴ ደብተር፣ የከተማው ቤት ካርታ ካለ ካርታው፣ የቅሬ መዋጮ ደረሰኝ፣ ልጇ ከዓረብ አገር የላከችላት የባንክ ወረቀት። የተበደረችውና ያበደረችው ግን ወረቀት ላይ የለም፤ በራሷ ልብ ነበረ። ይህን ሳጥን አንድ ሰው ብቻውን ማታ ሲከፍተው ችግሩ ይጀምራል። መሐረቡ ውስጥ የነበረው ብር ሦስት መቶ ቢሆንም ያልነበረው ወንድም ሠላሳ ሺህ እንደነበር ያስባል።

ስለዚህ ከሰባቱ በኋላ ወራሾች ሁሉ ባሉበት፣ አንድ የቅሬ ዳኛና አንድ ጎረቤት ተጨምረው ይከፈት። ያለው ሁሉ ይዘርዘር፤ ብሩ ይቆጠር፤ ደብተሩና ካርታው በማን ስም እንደሆነ ይነበብ፤ ከሟች የተበደረም ሆነ ለሟች ያበደረ ሰው እስከ አርባ ቀን እንዲናገር በቅሬው ይለፈፍ። ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ተጽፎ ሁሉም ይፈርም፣ መጻፍ የማይችል አሻራውን ያኑር። ይህ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ ከሐይቅ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ሐይቁ ዳር ባለው በእስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት ወንጌል ይገኝ ነበር። በዚያ ወንጌል ቅጠሎች ላይ የገዳሙ መጻሕፍትና ንብረት ተዘርዝረው ተጽፈዋል። መነኮሳቱ ዓለምን ንቀው የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም የማኅበሩን ንብረት ለትዝታ አልተዉትም። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ወደዚህ በዘለቀ ጊዜ ሰነዱ የጠፋበት ሰውም እዚህ መካከላችን አለ፤ የወረቀትን ዋጋ ያኔ አይቶታል። ካርታውንና ደብተሩን ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለሁለት የቤተሰብ አባል ላኩ።

ከሁሉ በላይ ብዙ ቤት የሚያፈርሰው «ሙት ቃል» ነው። አያት በአልጋዋ ላይ ሆና «ይቺ ቤት ለአንተ ናት፤ እኔን የጦርከኝ አንተ ነህ» ትላለች። ሦስት ሰው ሰምቷል። ልጁም በዚያ ተማምኖ ቤት መግዛቱን ይተዋል፤ ወይም ያንን ቤት ሸጦ ሌላ ሊገዛ ቀብድ ይከፍላል። ሕጉ ግን የቃል ኑዛዜን በጣም አጥብቦታል። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ በሁለት ምስክር ፊት ሊነገር ይችላል፤ የሚያዘው ግን ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ሕፃናት ልጆች አሳዳጊ፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። 500 ብር በ1952 ብዙ ነበር፤ ዛሬ ግን ቤት ይቅርና የቤቱን በር አይገዛም። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ቤት ለአንድ ሰው የምትሰጥ አያት ካለች በጽሑፍ ይሁን። ማንበብና መጻፍ አለመቻል አያግዳትም፤ እሷ እየተናገረች ሌላ ሰው ይጽፋል፤ በእሷና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡ ራሱ በጽሑፉ ላይ ይገለጻል፤ ቀን ይጻፍበታል፤ እሷም ምስክሮቹም እዚያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለመመዝገብ ሥልጣን ያለው ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ይህን ጉዳይ በሕይወት ላለች አያት ማንሳት እንደ ነውር ይቆጠራል፤ አውቃለሁ። አያቶቻችን ግን መገነዣቸውን ራሳቸው ገዝተው የሚያስቀምጡ ሰዎች ናቸው፤ ሞትን ከእኛ ይበልጥ ሳይፈሩት ያወሩታል። የምንፈራው እኛ ነን።

ኑዛዜ ከሌለስ? እዚህ ላይ የልጅ ልጆች በደንብ ስሙኝ። አባትህ ከአያትህ በፊት ሞቷል እንበል። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ በአባትህ ምትክ ገብተህ ከአጎቶችህ ጎን የእሱን ድርሻ ትወስዳለህ፤ ወንድና ሴትም እኩል ነው። በሸሪዓው የውርስ ሥርዓት ግን የሟች ወንድ ልጅ በሕይወት ካለ የሞተው ወንድሙ ልጆች ወራሽ አይሆኑም፤ ሴት ልጅም ከወንድሟ ግማሹን ታገኛለች። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ደግሞ ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡለት ነው፤ ይህን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደንግጎታል። የትኛው ይሻላል ብዬ አልፈርድም፤ እሱ የየሰው እምነት ነው። ሙስሊም አያቶችን ግን እለምናለሁ። የሞተ ልጃችሁን ልጅ ያሳደጋችሁ እናንተ ናችሁ፤ ሸሪዓው ወራሽ ላልሆነ ሰው እስከ ሲሶ ወሲያ እንድታደርጉ በር ከፍቶላችኋል። በዚያ በር ተጠቀሙ። ልጁም «አያቴ አለች» ብሎ ባልተጻፈ ተስፋ ላይ ቤት አይሥራ።

የገጠሩን መሬት በተመለከተ በአጭሩ ልለፍ። መሬት በአገራችን አይሸጥም፤ የይዞታ መብቱ ግን ይወረሳል፣ ይከራያል። አረንጓዴውን ደብተር ወደ ብር ለውጦ ከተማ ቤት ለመግዛት የሚደረግ የድብቅ ሽያጭ ሁሉ ገዢውንም ሻጩንም ያቃጥላል። በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ስሙን አዛውሩ፣ አከራዩት ወይም በእኩል ስጡት፤ ከዚያ የሚገኘውን የቤት ገንዘብ ላይ ጨምሩ።

አሁን ወደ ዓረብ አገር ልጆች ልምጣ፤ ልቤ ከሁሉ የሚያዝንላቸው እነሱ ናቸው። አንዲቱ አያቷ ስትሞት ቀብር ላይ አልቆመችም። አሠሪዋ አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ አልሰጣትም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ስልክ ይዛ አለቀሰች። የምትሰጠው ያላት ገንዘብ ብቻ ነውና የሁለት ዓመት ደመወዟን «ለአርባዋ» ብላ ትልካለች። እዚህ ያለነው ዘመዶች ያንን ብር ተቀብለን ማብላት የለብንም። «እህታችን፣ ቅሬው ቀብሯታል፤ ዕዳዋን ከፍለናል፤ ጸሎቱም ዱዓውም ደርሷል፤ የቀረውን ብር ለራስሽ ቤት አቆይው» ብለን መመለስ አለብን። መጀመሪያ እንዲህ የሚል ወንድም ሐሜት ይደርስበታል። ሐሜቱን ይቻለው።

ስለ ቤቱ ስም ደግሞ። ብዙ ልጆች ከሳውዲ በላኩት ብር እዚህ ሐይቅና ውጫሌ ቤት ተገዝቷል፣ ተሠርቷል፤ ካርታው ግን በአያት ወይም በአባት ስም ወጥቷል። በጊዜው ምቹ መስሎ ነበር። ባለካርታው ሲሞት ቤቱ ከውርሱ ጋር ይቆጠራል። የይዞታ ማረጋገጫ በእጁ ያለ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ እንደሚገመት ሕጉ በቁጥር 1195 ይናገራል፤ ያንን ለመስበር ልጅቱ ፍርድ ቤት ቆማ ማስረጃ ማቅረብ አለባት። ከአጎት፣ ከአክስትና ከእናት ጋር በአያት ሙት ዓመት ላይ ክስ መጀመር ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። በሪያድ ኤምባሲ ወይም በጅዳ ቆንስላ ውክልና ሰጥታ ቤቱ በራሷ ስም ይገዛላት። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት እንኳ ብትሆን ብሩን በባንክ ትላክ እንጂ በሰው እጅ አትላክ፤ ደረሰኙ አንድ ቀን ይናገርላታል። አሁን በሕይወት ያሉ አያትና አባት ካርታውን ለባለገንዘቧ ልጅ ማዛወር ይችላሉ፤ ዛሬ ማዛወሩ ነገ ከመክሰሱ ይቀላል።

ወደ ገዢው ወገን ልመለስ። አንድ መምህርና ሚስቱ ሐይቅ ውስጥ በ1,600,000 ብር ቤት ተስማሙ እንበል። 200,000 ብር ቀብድ ከፍለው ቀሪውን በ60 ቀን ሊጨርሱ ፈረሙ። በአርባኛው ቀን ላይ የሚስትየዋ አያት አምባሰል ላይ ሞተች። ከቤቱ ገንዘብ ለተዝካሩ ዝግጅት ቀድሞ 150,000 ብር ወጣ። ስድሳው ቀን ሲሞላ ብሩ ጎደለ፤ ሻጩ አልጠብቅም አለ። በሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ ተቀባዩ ሲተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ያ ድግስ ስለዚህ 150 ሺህ ብር ሳይሆን 350 ሺህ ብር ፈጀ፤ ቤቱም ሄደ።

ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ማለቱን ልብ በሉ። ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይቻላል። ከተዋዋዮቹ በአንዱ ቤት ሞት ቢደርስ የመክፈያው ቀን በ40 ቀን ይራዘማል ብላችሁ ጻፉ። ሻጩም የወሎ ሰው ነው፤ ገና ሲፈርም «አይሆንም» የሚል አይመስለኝም። ለቅሶ ከደረሰ በኋላ ግን እሱም የራሱ ችግር ይኖረዋል። ውሉ በቃል ወይም በደላላ ወረቀት ብቻ አይቅር። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው ክፍል ፊት መመዝገብ አለበት። ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አገርን ምን እንዳስከፈለ የምታውቁ ሰዎች ናችሁና አንቀጽ በአንቀጽ አስነብባችሁ ፈርሙ። የምትገዙት ቤት ራሱ የሌላ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ጠይቁ፤ ሁሉም ወራሾች ካልፈረሙ አትክፈሉ። ርካሽ ነው ብላችሁ የሦስት ወንድማማቾችን ጠብ አትግዙ። ያገባ ሻጭ ከሆነ የሚስቱ ፊርማም አይቅር።

«እንግዲያው ዓመት እስኪሞላ ምንም አንግዛ» የሚል ይኖራል። እሱም አይሆንም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ብረትና ቆርቆሮ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ፍራሽ ሥር የተቀመጠ ብር በሐዘን ዓመት ውስጥ ብቻውን ይቀልጣል። እኔ የምመክረው የአርባ ቀን ዕረፍት ነው። በነዚያ ቀናት አዲስ ውል አይፈረም፣ ንብረት አይሸጥ፣ ለዘመድ ብድር አይሰጥ፤ አስቀድሞ የተያዘ ቀጠሮ ግን ይከበር። ከአርባ በኋላ ወደ ሥራ ይገባ። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ሞት ሳይመጣ፣ ሁለት ደብተር ይከፈት፤ አንዱ ለቤቱ፣ ሌላው ለድንገተኛው ነገር። በንግድ ባንክም ሆነ ቀድሞ አብቁተ በነበረው በፀደይ ባንክ ይሁን፤ ወለድ የማይፈልግም ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለለት። ለቤቱ የተከፈተው ደብተር የባልና ሚስት የሁለቱም ፊርማ ይኑርበት። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ብቻውን ብር ማውጣት የለበትም።

ባልና ሚስት ካልኩ አይቀር፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው የሚቆጥር ሆኖ መታየት ትዳርን ያቆስላል። «አያቴ ሞታ አንተ ስለ ቀብድ ታወራለህ» የሚለው ቃል ዓመታት ይኖራል። ሐዘንተኛዋ ሒሳቡን እንድትይዝ አትገደድ፤ ሒሳቡን የያዘውም እንደ ጨካኝ አይታይ። ልጆችም ቤት ሲገባ አያታቸው ስላላየችው ያዝናሉ። ይዘኑ፤ ስሟን አንሱላቸው። እሷም ብትኖር ቤቱ ዕዳ የሌለበት መሆኑን አስቀድማ ትጠይቅ ነበር፤ አያት ያሳደገችን ሁሉ ይህን እናውቃለን።

የቅሬ ዳኞች፣ የመጨረሻው ልመናዬ ለእናንተ ነው። በዚህ አገር ከፍርድ ቤት በፊት የሚሰማው የእናንተ ቃል ነው። ወንድም ለወንድሙ «ድግሱን ቀንስ» ቢለው ይጠላል፤ ቅሬው በአንድ ድምፅ ቢለው ግን ማንም አያፍርም፣ ማንም አይታማም። በመጪው ስብሰባችሁ ይህን ተወያዩበት፤ በእናንተ ቅሬ ውስጥ ተዝካርም ሶደቃም በዱቤ አይደገስ፤ ከአርባው በፊት የሟች ዕዳ ተለፍፎ ይከፈል፤ ሳጥኑም በዳኛ ፊት ይከፈት። የውሳኔውን ቃል የሚጽፍ ሰው ካጣችሁ ጥሩኝ፤ መጥቼ እጽፋለሁ።